የቆረበ አፍ በጥፊ አይመታም

ነሐሴ ገብቷል፤ ፍልሰታ ነው። እንጅባራ ላይ ጉሙ ገና አልተገለጠም። ከቅዳሴ የሚመለሰው ጭቃማ መንገድ በልጆች ተሞልቷል። አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነዋል፤ ቆርበዋል። እናት የልጇን እጅ ይዛ ቀስ እያለች ትመራዋለች። እንዳያደናቅፈው፣ እንዳይተፋ፣ ዝንብ እንኳ አፉ ውስጥ እንዳትገባ ትጠነቀቃለች። ዳንግላም፣ ቻግኒም፣ አዲስ ቅዳምም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚታየው ይኸው ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቅዳሴ የራቀ ቤት እንኳ በፍልሰታ ልጆቹን ይዞ ይወጣል።

እኩለ ቀን ያልፋል። ያው ልጅ ብርጭቆ ይሰብራል። ወይም ታናሽ እህቱን ይገፈትራል። ወይም ሱቅ ተልኮ ኳስ ሲያይ ይቆያል። ጠዋት ዝንብ እንዳይገባበት የተጠበቀው አፍ ከሰዓት በኋላ በጥፊ ይመታል።

የሚመታው ክፉ ሰው አይደለም። ጾሙን የሚጾም፣ ዝክሩን የሚዘክር፣ ለልጁ ሲል ራሱ ሳይበላ የሚያድር ሰው ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው ሰው ልጁን ቢደበድብ የሚከራከርለት የለም፤ ጎረቤት ይገላግላል፣ ቀበሌ ይጠራል። አጥባቂ ክርስቲያን ቤት ውስጥ የሚነሳው አርጩሜ ግን ጠበቃ አለው። ጠበቃው ደግሞ እግዚአብሔር ነው ይባላል።

«እግዜር ያይሃል፤ ዓይንህን ያፈስሰዋል።» «ቆይ፣ ማርያም ታሳይሃለች።» «ሰይጣን ነው የገባብሽ።» «ለአባ ነው የምነግርልህ፤ በመስቀሉ ይልህና!» ይህን ሳይሰማ ያደገ ልጅ ጥቂት ነው። አራት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስለ ፈጣሪው የሚያውቀው የመጀመሪያ ነገር ጅብ ሲያቅት የሚጠራ ትልቅ ጅብ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ክሱ ግልጽ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለልጁ በነፃ የሰጠችውን ነገር ክርስቲያን ቤት በዋጋ እየሸጠለት ነው።

*ምን ሠርቶ ነበር?*

ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። በዚያ ቀን የሚሆነውን ማንም የአዊ እናት በዓይነ ሕሊናዋ ታየዋለች። ሕፃኑ ይጠመቃል፣ ሜሮን ይቀባል፣ ማተብ ይታሰርለታል፣ የክርስትና ስም ይወጣለታል፣ ወዲያውም ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ያን ሁሉ ሲቀበል የሚያደርገው ነገር ቢኖር ማልቀስ ነው። አንዳንዱም ቄሱ ላይ ይሸናል።

ምን ሠርቶ ነበር? አልጾመም። አልሰገደም። ሁለት ፊደል አልቆጠረም። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚሆን አፍ እንኳ አልፈታም። ትልልቆቹ ሰዎች «አልበቃሁም» እያሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሚፈሩት ገበታ እሱ በ40 ቀኑ ይቀመጣል። የዚህ ነገር ስሙ ጸጋ ነው።

ጸጋ የሚለው ቃል ሲነሳ የሌላ ቤት ቃል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ለዘመናት ሕፃን ስታጠምቅና ስታቆርብ የኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኖ ጸጋን ለሌላው መተው ርስትን ሳይከራከሩ እንደ መልቀቅ ነው። ሊቃውንቱ ስለ ጸጋ የጻፉትን ማንበብ ያልቻለ ሰው እንኳ ጥምቀተ ክርስትናውን አይቶ ሊረዳው ይችላል።

ታዲያ ያ ልጅ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ሲሆነው ምን ይሰማል? እግዚአብሔር የሚወደው ከታዘዘ ነው። ማርያም የምታየው ካልዋሸ ነው። እናቱ የምትስመው እንጀራውን ሳያንጠባጥብ ከበላ ነው። በ40 ቀኑ የተሰጠው በሰባት ዓመቱ በኪራይ ይመለስለታል። ኪራዩን ባልከፈለ ቀን ይወጣል።

*78 ነፍስና አንድ ብርጭቆ*

የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ናት። በዚያ ቀን የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይነገራል። አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ የገዛ ቤተሰቡን ሳይቀር የጨረሰ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ጥም ለያዘው በሽተኛ ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በሚዛኑ በአንደኛው ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ወገን ጥርኝ ውኃ ተቀመጠ። ውኃው ደፋ።

ይህን ታሪክ ሰምተው እንባቸውን በነጠላቸው የሚጠርጉ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ምሕረቱ እስከዚህ ድረስ ነው እያሉ ይመለሳሉ። ቤት ሲደርሱ ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ ይጠብቃቸዋል። ያን ጊዜ ሚዛኑ ይጠፋል። ውኃ ሲቀዳ የዋለ፣ ከብት ሲያግድ ያረፈደ፣ ታናሹን ሲያዝል የሰነበተ ልጅ ከዚያ ሁሉ አንድ ጥርኝ እንኳ በሚዛኑ ላይ አይወጣለትም። የሚቆጠርበት የተሰበረው ብቻ ነው።

ሰው በሊታውን ይቅር ያለ ምሕረት የሚታመንበት ቤት የሃምሳ ብር ብርጭቆ ይቅር ማለት ካቃተው፣ ልጁ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ምሕረት ተረት ናት። በበዓል ቀን ትነገራለች፣ በአዘቦት ቀን አትሠራም። ይህን ትምህርት የሚያስተምረው ከሐዲ አይደለም፤ ገና ከኪዳነ ምሕረት የተመለሰ ወላጅ ነው።

*የወይራው ቅጠልና የወይራው ዱላ*

ሌላም አለ። ስቅለት ዕለት ምዕመኑ ሲሰግድ ውሎ ወደ ማታ ቀሳውስት ፊት ይቀርባል። ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉታል፤ ጥብጣብ ይባላል። የዓመቱን ኃጢአት ይዞ የመጣ ትልቅ ሰው፣ ድንበር የገፋ፣ በሐሰት የመሰከረ፣ ከወንድሙ የተኳረፈ ሰው በለምለም ቅጠል ተነክቶ ስግደት ይታዘዝለትና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተብሎ ይሄዳል። ቅጠሉ አያቆስልም። እንዲያቆስልም አልታሰበም።

ያው ሰው ቤቱ ሲገባ ከዚያው ከወይራው ዛፍ ዱላ ይቆርጣል። ለራሱ ቅጠሉን፣ ለልጁ ግንዱን። ከዚህ የበለጠ የተዛባ ፍርድ በአውራጃ ፍርድ ቤትም አልተሰማም። ጌታ በወንጌል የተናገረው የዕዳው ምሳሌ ይህን ነበር፤ ብዙ መክሊት ዕዳ የተማረለት አገልጋይ ወጥቶ ጥቂት ዲናር የተበደረውን ባልንጀራውን አንገቱን አነቀው። ምሳሌው ሲሰበክ ሁሉም ያንን አገልጋይ ይኮንናል። ነገር ግን በአብዛኛው ቤት ያ አገልጋይ አባወራው ነው፤ የታነቀው ባልንጀራ ደግሞ ቁመቱ ከአባቱ ወገብ አይበልጥም።

*ጅራፉ ለምን ይጮኻል?*

ቡሄ ሲደርስ በየሰፈሩ ጅራፍ ይጮኻል። ልጆች ተሰብስበው በየደጁ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ነው። አባቶች ሲተረጉሙት የጅራፉ ጩኸት በተራራው ላይ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይላሉ። አብ ምን አለ? በልጁ ደስ መሰኘቱን፣ ልጁም የተወደደ መሆኑን ተናገረ።

ነገሩን ረጋ ብሎ ላየው ሰው ያስደነግጣል። በዚህ አገር ልማድ ጅራፍ የበዓል ትርጉም የተሰጠው አባት ልጁን እንደሚወድ በአደባባይ የመሰከረበት ቀን ነው። ጅራፉ አየሩን ይመታል፤ ድምፁ ለልጁ ክብር ነው። ከነሐሴ 13 በኋላ ግን በብዙ ቤት ጅራፉ አቅጣጫውን ይለውጣል። የአባት ፍቅር ምሳሌ የነበረው ነገር የአባት ንዴት መሣሪያ ይሆናል።

ሙልሙሉም ቢሆን ያስተምራል። በቡሄ ልጅ ደጅ ሲቆም ባለቤቷ «ዛሬ እናትህን ታዘሃል?» ብላ አትጠይቅም። የጎረቤት ልጅ ነው፣ ጨፍሯል፣ ልጅ ነው፤ በቃ። ሙልሙሉን ትሰጠዋለች። ባዳው ደጅ የሚገኘው ቸርነት በገዛ ቤት ለምን ይጠፋል?

*«መጽሐፉ በትር ይላል»*

ይህ ሁሉ ሲነገር የሚመጣው የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በትሩን የሚሰስት አባት ልጁን እንደማይወድ ይናገራል፤ ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስን ልታርሙ ነው? ይባላል።

ማንም አያርምም። ነገር ግን በትር የሚለውን ቃል ከምሳሌ ይዞ መዝሙረ ዳዊትን መርሳት ደግሞ ንባብ አይደለም። ዳዊት እረኛ ነበር፤ የእረኛው በትርና ምርኩዝ እንደሚያጽናናው ይናገራል። የአዊ ልጅ እረኝነትን ከማንም በላይ ያውቃል። በጎቹን ወደ ዘንገና ወይም ወደ ጓሮ መስክ የሚነዳ እረኛ በትር ይይዛል፤ የሚይዘው ግን ጅብና ቀበሮ ለመከላከል፣ የወጣችውን ለመመለስ ነው። የበጉን እግር ሰብሮ የሚመለስ እረኛ ጌታው ቤት እራት አይበላም። ጳውሎስም አባቶችን ያስጠነቀቃቸው ልጆቻቸውን በማስቆጣት ልባቸውን እንዳያዝሉ ነው። ምሳሌን በቃሉ የሚያውቅ አባት ይህችን የጳውሎስ ማስጠንቀቂያ በቃሉ አለማወቁ እንዲያው በአጋጣሚ ነው?

አባቶችን መጥቀስ ካስፈለገም ዮሐንስ አፈወርቅ አለ። በስሙ ቅዳሴ የሚቀደስለት ይህ አባት በአራተኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ግድም ልጆችን ስለ ማሳደግ በጻፈው ድርሰት ወላጅ ዘወትር ዱላ እንዳያበዛ ይመክራል። ምክንያቱንም ይናገራል፤ ልጁ ዱላን ከለመደ ይንቀዋል። ቅጣትን ጨርሶ አልተወም፤ ልጁ ቅጣት እንዳለ እንዲያውቅ፣ ግን እንዳይወርድበት ነው የሚመክረው። ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር ነው። «የፈረንጅ ትምህርት» ለሚለው ሰው መልሱ እዚህ አለ፤ አፈወርቅ ከስቶክሆልም አልመጣም።

*«ያልተቀጣ ልጅ»*

ሁለተኛው መልስ ከተረት የመጣ ነው። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል ይባላል። «እኛም ተገርፈን ነው ሰው የሆንነው» ይከተላል።

ተረት ከተባለ ሌላም ተረት አለ፤ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ይህ የአማርኛ ተረት ስለ ጸጋ ከተጻፉ ብዙ ስብከቶች ይበልጣል። ንፍጡን ጠርጎ ካበቃ በኋላ አይልም፤ ከነንፍጡ ይላል። ያቺ እናት ንፍጡን መጥረጓ አይቀርም። ግን የምትጠርገው ስለምትወደው ነው፤ እንድትወደው አይደለም። በጸጋና በልቅነት መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ እዚህች ላይ ተቀምጧል።

«ተገርፈን ሰው ሆንን» የሚለው ደግሞ ማስረጃው ሲመረመር ይሳሳል። የተገረፉት ሁሉ ሰው አልሆኑም፤ ከቤት ጠፍተው የቀሩትን፣ ለአባታቸው ቀብር እንኳ ያልመጡትን ማንም አይቆጥራቸውም። ሰው የሆኑትም በምን ሰው እንደሆኑ ቢጠየቁ ዓይናቸው የሚያረግዘው በሌላ ነገር ነው፤ አያታቸው ከአርጩሜ በቀሚሷ የደበቀቻቸውን ቀን፣ አባታቸው የሸጠውን በግ ገንዘብ ለደብተር የሰጣቸውን ቀን ያነሳሉ።

የአብነት ትምህርት ቤቱም ምስክር ይጠራል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ሊቃውንቱም የየኔታን አለንጋ ቀምሰዋል። እውነት ነው። ነገር ግን ያ የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ጎጆ ወጥቶ ውሻ እየጮኸበት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሰጡት እናቶች የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቁትም። ትምህርቱን ማወቁን አልፈተኑትም። ቁራሹን አቀበሉት። አለንጋው ሳይኖር ቅኔ ይቀጸል ነበር፤ ቁራሹ ባይኖር ግን አንድም የቅኔ ቤት አይቆምም ነበር። የሊቃውንቱን አገር ያቆመው የእነዚያ እናቶች እጅ ነው።

በአዊ ምድር ደግሞ ከዱላ ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያስተምር እንስሳ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አገር ጉድ የሚልበት ፈረስ በአንድ ቀን አልተገራም። ፈረስ የገራ ሰው ያውቃል፤ ግልገሉን በልጅነቱ የቀጠቀጠ ባለፈረስ ዕድሜ ልኩን ደንባራ ይጋልባል። ስለዚህ ይደባብሰዋል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ ኮርቻውን ጥቂት በጥቂት ያለምደዋል። ለፈረስ ይህን ያህል ትዕግሥት ያለው ሕዝብ ለልጅ ትዕግሥት የለኝም ቢል ማን ያምነዋል?

*ሕጉ ደጅ ላይ ቆሟል*

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚልም አይጠፋም። ሕጉ እስከ የት እንደሚሄድ ማየት ይጠቅማል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን የተቀበለችው በ1983 ዓ.ም. ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቤት የሚለው ቃል እዚያ የለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 ልጅን ማጎሳቆልን ይቀጣል፤ ነገር ግን ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ውጪ ያልሆነ የማረም እርምጃ መውሰድን ከቅጣቱ ውጪ ያደርገዋል። «ማረም» የት አልቆ «ማጎሳቆል» የት እንደሚጀምር የሚለካው ደግሞ የሚመታው ሰው ነው።

ሌላው ዓለም በሩን አልፎ የገባበት ጊዜ አለ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ቤት ውስጥ መምታትን በሕግ ከለከለች። በአፍሪካም ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ ውሳኔ ወላጅ «መጠነኛ ቅጣት ነው» ብሎ ይከላከልበት የነበረውን ነባር መብት ሻረች። እዚያም ይግባኝ ያለው ወገን የሃይማኖት ነፃነትን ጠቅሶ ተከራክሮ ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሕጉ ደጅ ላይ ቆሟል። ፖሊሱም ደጅ ላይ ቆሟል። አንኳኩቶ የሚገባ፣ ገብቶም ከመደቡ በላይ የሚቀመጥ፣ አባወራው ተነስቶ ጉልበት የሚስመው አንድ ሰው ብቻ አለ። የንስሐ አባት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እሳቸው ይዞራል። «ጾሙን ጾማችኋል? ዐሥራቱን አውጥታችኋል? ከጎረቤት ተጣልታችኋል?» ብለው ይጠይቃሉ። «በልጆቻችሁ ላይ እጃችሁን አንስታችኋል?» ብለው የሚጠይቁት ስንቶቹ ናቸው? ከሚስቱ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይቁረብ የሚሉ አባት፣ ልጁን ደም እስኪመስል የገረፈ ሰው ሲቆርብ ዝም ካሉ፣ ዝምታቸው ቡራኬ ይሆናል።

*በዚህ ዘመን?*

ከሁሉም የሚከብደው መልስ የመጨረሻው ነው። በዚህ ዘመን ስለ ልጅ አስተዳደግ ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ነው። በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የክልሉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ አልፎ የሚሄደው መንገድ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ ነጋዴው ይቁጠረው። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ከሰል አክስሎ ቤቱን ያቀናበት የዲከረንስ ዛፍ በበሽታ ተመቷል። ወላጁ የተኩስ ድምፅ ሰምቶ አድሮ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አስቦ ነግቶበት፣ ልጁ ብርጭቆ ሲሰብር ቢመታው ምን ይገርማል?

አይገርምም። ያሳዝናል እንጂ አይገርምም። ነገር ግን ከዚሁ ምክንያት የሚወጣው መደምደሚያ ተቃራኒው ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ለልጁ የቀረው ትምህርት ቤት ቤቱ ብቻ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ጉልበት ትክክል ነው እያለ በሚያስተምርበት ዘመን «ጉልበት ያለው ይቅር ይላል» የሚለውን ልጁ ከማን ይማር? አዛውንቱ ደም አድርቀው፣ የገደለና የተገደለበት ወገን በአንድ ማዕድ ሲቀመጥ ያየ አገር ነው። ነገ ያንን እርቅ የሚያስታርቁት የዛሬዎቹ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ናቸው። ይቅርታን ቤት ውስጥ ሳያዩ ያደጉ ልጆች በሽማግሌ ወንበር ሲቀመጡ ከየት ያመጡታል?

ለወላጁም ቢሆን ነገሩ ሸክም መጨመር አይደለም። ልጁን በዱላ ፍጹም አድርጎ ለእግዚአብሔር እንዲያስረክብ ማንም አላዘዘውም። እሱም በ40 ቀኑ በነፃ የተቀበለ ነው። እጁን ካነሳ በኋላ ሌሊት ተነስቶ የተኛ ልጁን ፊት እያየ የሚጸጸት አባት፣ በጥፊ የመታችውን ጉንጭ ደብቃ የምትስም እናት በየቤቱ አሉ። ምሕረቱ ለእነሱም ነው። መጀመሪያ እነሱ ይቀበሉት፤ ያልተቀበሉትን ሊሰጡ አይችሉም።

*ይቅርታ የሚጠይቅ አባት*

ምን ይደረግ? ነገሩ ከሰማይ የራቀ አይደለም።

አንደኛ፣ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም ከማስፈራሪያ መዝገብ ይውጣ። ልጅ የሠራው ጥፋት በስሙ ይጠራ፤ «ብርጭቆው ተሰበረ፣ አብረን እንጥረገው» ይባል። ሰይጣን ገባብህ አይባል። በማተቡ ላይ የተሰበከለት ሰይጣን እንደሸሸ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚካስ ነገር ይካስ። እህቱን የገፈተረ ልጅ ዕቃዋን ይሸከምላት። የዘገየ ልጅ ነገ ሳይጫወት ይላክ። ይህ ከጥፊ ይከብዳል፤ ወላጁ አጠገቡ ቆሞ መጠበቅ አለበትና። ዱላ የሚመረጠው ፈጣን ስለሆነ ነው።

ሦስተኛ፣ የንስሐ አባቶች ይጠይቁ። የሰንበት ትምህርት ቤቶች ለልጆች የሚሰጡትን ትምህርት ያህል ለወላጆች ይስጡ። በየጽዋ ማኅበሩ አንድ ወር የልጆች ጉዳይ ይነሳ።

አራተኛውና ከሁሉም የሚከብደው፣ የተሳሳተ አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቅ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ አባት ለልጅ ሲለምን ክብሩ ይወድቃል ይላል። የጠፋው ልጅ ምሳሌ ግን ክብሩን የጠበቀ አባት አያሳይም። እየሮጠ የወጣ ሽማግሌ ያሳያል። በአዊም ሆነ በጎጃም ሽማግሌ አይሮጥም፤ ያ አባት ግን ሮጠ። ልጁ ያዘጋጀውን ንግግር ሳያስጨርስ ልብስ አስመጣ። በዚያ ታሪክ ውስጥ ክብሩን ጠብቆ ደጅ የቀረው፣ ሒሳብ ይዞ «እኔ እንዲህ ሠርቼ» ያለው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ሁሉን የሚጾም፣ ሁሉን የሚያስቀድስ፣ ልጁ ጥፋቱን ሲናዘዝለት ግን የሚመታ ወላጅ አባቱን የመሰለ ይመስለዋል። የሚመስለው ደጅ የቀረውን ወንድም ነው።

ቤተ ክርስቲያን ሐምሌ 19 ቀን የምታስበው ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነው። እናቱ ኢየሉጣ ከሚፈላው ጋን ፊት ስትፈራ ያጸናት እሱ ነው። ሕፃን እናቱን ሲያስተምር በሥዕሉ ይታያል፤ ምዕመኑ ሁሉ ይሳለመዋል። ከሥዕሉ ፊት ተነስቶ ቤቱ ሲገባ ግን በሦስት ዓመት ልጅ አፍ እግዚአብሔር ሊናገር እንደሚችል ይረሳል።

በሚቀጥለው ፍልሰታም ልጆች አፋቸውን ሸፍነው ከቅዳሴ ይመለሳሉ። እናቶች በጭቃው መካከል እጃቸውን ይዘው ይመሯቸዋል። ያ ጥንቃቄ ትክክል ነው፤ በዚያ አፍ የገባው ታላቅ ነገር ነውና። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጥንቃቄው ከሰዓት በኋላም ይቀጥል።